ያገለገለ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር፦ ከአስፋልት ለሚወጡ የጎንደር ሰዎች

ከጎንደር ባሕር ዳር ለሚመላለስ፣ ወይም ውሎው ከማራኪ ፒያሳ ለሆነ ሰው ሃርድቶፕ አንመክርም። አስፋልት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ከ90 በላይ ሲነዳ መሪው ሁለት እጅ ይጠይቃል፣ ናፍጣ ይወስዳል፣ የኋላ አግዳሚ ወንበሮቹ ደግሞ ተሳፋሪውን ፊት ለፊት አፋጠው እንደ ለቅሶ ቤት ያስቀምጡታል። ይህ መኪና ዋጋውን የሚመልሰው አስፋልቱ ሲያልቅ ነው፤ ከደባርቅ ወደ ጨነቅ፣ ከማክሰኚት ወደ በለሳ፣ ክረምት ላይ ከቆላ ድባ ወደ ደምቢያ ቀበሌዎች፣ ከገንዳ ውሃ ወደ ሰሊጥ እርሻዎቹ። እዚያ የሚሠራ ሰው ሌላ ቢሞክርም ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ሃርድቶፕ ነው። ነገር ግን ስሙ ብቻ የሚሸጠው መኪና ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ከላይ ቀለም፣ ከሥር ያለቀ ብረት። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል ስለ ሞዴሉ ሳይሆን ፊታችሁ ስለቆመው አንድ መኪና ነው።

የምናየው እ.ኤ.አ. ከ1999 አጋማሽ ወዲህ የተሠራውን ረጅሙን ሃርድቶፕ፣ ኤችዜድጄ 78 የሚባለውን ሞዴል ነው። የእርዳታ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት ሲነዱት የኖሩት፣ ጨረታ ላይም ሲወጣ የምናየው እሱ ነው። ሞተሩ 1ኤችዜድ ይባላል፦ 4,164 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ናፍጣውን በሜካኒካል ፖምፓ የሚያገኝ። ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ፣ ጉተታው 285 ኒውተን ሜትር ሆኖ 2,200 ዙር ላይ ሙሉውን ይሰጣል። ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ነው። የፊትም የኋላም አክሰሉ ድፍን ነው፤ የፊቱ በሞላ (በተጠማዘዘ ስፕሪንግ)፣ የኋላው በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ቅጠል) ይቆማል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ቶዮታ በ1951 ቢጄ የተባለችውን መኪና ሠርቶ ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ አወጣት፤ ላንድክሩዘር የሚለው ስም የመጣው በ1954 ነው። በ1960 ባለ 40ው ትውልድ፣ በ1984 የኛ ሃርድቶፕ ያለበት ባለ 70ው ትውልድ ተከተለ። 1ኤችዜድ ሞተር በ1990 ገባ። በ1999 የፊቱ ባሌስትራ በሞላ ተተካ፣ 75 የነበረው 78 ሆነ፣ ስድስት የነበረው የጎማ ብሎንም አምስት ሆነ። (እነዚህ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉ፤ ከአሮጌው 75 የተፈታ ቸርኬ ለ78 አይገጥምም፣ ርካሽ ነው ብሎ ገዝቶ የሚመለስ ሰው አይጠፋም። ሞተሩ ግን ከ30 ዓመት በላይ በመሠረቱ አልተለወጠም። ላንድሮቨር ከላንድክሩዘር ቀድሞ፣ በ1948 ወጥቶ ነበር፤ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን በነበረበት ዘመን አካሉ ከአሉሚኒየም ስለተሠራ ዝገት ያን ያህል አይበላውም፣ ኮረብታ ላይም ከማንም አያንስም። የላንድሮቨሩ ዲፌንደር ሞዴል ግን ምርቱ በጥር 2016 ቆመ። ጎንደር ላይ ለላንድሮቨር ዕቃ መፈለግና ለሃርድቶፕ ዕቃ መፈለግ አንድ ሥራ አይደለም፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ከመኪናው ጥንካሬ ይልቅ የመለዋወጫው መገኘት ነው።

ወደ ሞተሩ እንግባ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ላይ ናት፣ ጨነቅ 3,600 ሜትርን ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ጎንደር ላይ አንድ አምስተኛውን፣ ጨነቅ ላይ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። ብልሽት የሚሆነው "ጉልበት እንስጠው" ተብሎ ፖምፓው ላይ ያለው ብሎን ሲጠመዘዝ ነው። ናፍጣው ይጨምራል፣ አየሩ ግን ያው ነው፤ ትርፉ ጥቁር ጭስ ይሆናል። ጭሱ ባልከፋ፣ ረጅም ዳገት ላይ የጭስ ማውጫው ሙቀት ከልክ አልፎ ፒስቶን ያቀልጣል፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ይሰነጥቃል። አንዳንዶቹ ፖምፓዎች ከፍታ ሲጨምር ናፍጣውን ራሱ የሚቀንስ ክፍል አላቸው፤ እሱ ያለው መኪና ቆላም ደጋም ለሚመላለስ ሰው ይሻላል። ስትገዙ ከአዘዞ ወደ ከተማው የሚወጣውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ውጡ፤ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ጭሱን ይይ። ስስ ግራጫ ጭስ የደጋ ነገር ነው። ኋላ ያለውን መኪና የሚሸፍን ጥቁር ከሆነ ፖምፓው ወይም ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል ተነክቷል፤ ሁለቱም በመሣሪያ ተለክተው መስተካከል አለባቸው፣ በጆሮ አይስተካከሉም። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነውና ከፒስቶን ቀለበት ጀምሮ ማሰብ ነው።

ጠዋት ላይ ሳይሞቅ ማየት ግዴታ ነው። ሻጩ "አሙቄ ጠበቅኋችሁ" ካለ በሌላ ቀን ተመለሱ። ቁልፉን ከፍታችሁ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁና አስነሱ። ደህና 1ኤችዜድ በጎንደር ብርድ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ ሞቶሪኖውን (ሞተር አስነሺውን) አያስለፋም። ተነሥቶ እየተንቀጠቀጠ ነጭ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ከስድስቱ የማሞቂያ ካንዴላዎች የሞተ አለ ማለት ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ካንዴላዎቹን የሚያያይዘውን ጠፍጣፋ ብረት ፈትቶ፣ የመሞከሪያ አምፖል አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ካንዴላው አናት ላይ ማድረግ ብቻ ነው፤ አምፖሉ ካልበራ ካንዴላው ሞቷል። ካንዴላዎቹ ሁሉ ደህና ሆነው ነጩ ጭስ ከቀጠለ የሲሊንደር ግፊት ማስለካት ያስፈልጋል።

ናፍጣው ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲረዝም በጀሪካን የሚሸጠው ውሃም ላምባም ሊኖርበት ይችላል። ሃርድቶፑ ውሃ የሚያጠራቅም ማጣሪያ አለው፤ ከሥሩ ያለውን ማፍሰሻ በእጅ ላላ አድርጎ፣ የእጅ ፖምፓዋን እየጫኑ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ማፍሰስ ነው። በጀሪካን የሚቀዳ ሰው በየሳምንቱ ያድርገው፣ የናፍጣ ማጣሪያውንም በየ10,000 ኪሎ ሜትር ሳይሆን በየ5,000 ይለውጥ። ይህን ቆሻሻ ናፍጣው በኮምፒውተር የሚረጭላቸው አዲሶቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች አይችሉትም፤ የ1ኤችዜድ ፖምፓ ደግሞ ይችላል እንጂ አይወደውም። ብዙዎቹ የድርጅት መኪኖች ሁለት የ90 ሊትር ሰልባቲዮ (የናፍጣ ታንከር) አላቸው። በሊትር 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እንኳ መተማ ደርሶ ለመመለስ ከአንዱም ይተርፋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን መቀያየሪያ በሁለቱም በኩል ሞክሩት፣ ጠቋሚው አብሮ መለወጥ አለበት። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሰልባቲዮ ተዘግቶ፣ መስመሩም ተቆርጦ ይገኛል።

ሙቀት ይህን ሞተር ከሚገድሉት ነገሮች ሁሉ ይቀድማል። ቀስ ብሎ በከባድ ጭነት ዳገት ሲወጣ ነፋስ የሚሰጠው ፋኑ ብቻ ነው። ፋኑ ከውሃ ፖምፓው ጋር የተያያዘው ሲሊኮን ዘይት ባለው ክላች ነው፤ ዘይቱ ሲያልቅ ፋኑ እየዞረ የሚመስል ግን የማይነፋ ይሆናል። ፍተሻው አምስት ሰከንድ አይፈጅም፦ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፉት፣ ፋኑን በእጅ ግፉት። ከበድ ብሎ ቶሎ ከቆመ ደህና ነው፤ ሁለት ሦስት ዙር በነጻነት ከዞረ ሞቷል። ከዚያ ራዲያተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ፣ ውሃው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። የ1ኤችዜድ ቴስታታ አንዴ ከልክ በላይ ከጋለ ቫልቮቹ መካከል የመሰንጠቅ ባሕርይ አለው። በመበየድ የሚያድኑት አሉ፤ ግን ዳገት ላይ ለሚሠራ መኪና የተበየደ ቴስታታ መግዛት አይመከርም። ራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውሃ ብቻ ካለ፣ ቀለሙም ዝገት ከሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት እንዴት ይዞት እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

የቫልቭና የፒስቶንን እንቅስቃሴ የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይለወጣል። ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ መብራት አለው፤ ግን መብራቱ ቺንጋው ሳይለወጥ ሊጠፋ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ሊመለስ ስለሚችል ደረሰኝ ወይም በቺንጋው ክዳን ላይ የተጻፈ ቀን ከሌለ እንዳልተለወጠ ቁጠሩት። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ደግነቱ ሥራው ከአብዛኛው ሞተር ይልቅ ቀላል ነው፤ ክዳኑ ከላይ በጥቂት ብሎን ይፈታል፣ የታችኛውን ፑሊ ማውለቅ አያስፈልግም። ሲለወጥ የሚወጥረውን ኩሽኔታ አብራችሁ ለውጡ። እግረ መንገዱን የቫልቭ ልኬት ይታይ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ መግቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ መውጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር።

ለገዢ ከሁሉ የምትጠቅመው ፍተሻ ግን ምንም መሣሪያ የማትፈልገው ናት። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ አንዱን ማሰሪያ አላልታችሁ ንቀሉት፣ ጣታችሁን ውስጡ አሸት አድርጉ። ጣቱ ንጹሕ ከወጣ መልካም። ቀይ ወይም ግራጫ አቧራ ከያዘ፣ ማጣሪያውን አልፎ የገባ አቧራ ነው፤ ያ አቧራ ሲሊንደሮቹን እንደ አሸዋ ወረቀት ሲፍቅ ኖሯል። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት የበለሳና የመተማ እርሻዎች መንገድ አቧራ ምን ያህል እንደሆነ የሄደበት ያውቃል። መንስኤው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነገር ነው፦ የማጣሪያው ቤት ሥር ያለችው አቧራ የምትጥል ትንሽ ላስቲክ ጠፍታ፣ ወይም ማጣሪያው በኮምፕረሰር ከውጭ ወደ ውስጥ ተነፍቶ ወረቀቱ ተበስቶ። መነፋት ያለበት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት ነው። ቱቦው አቧራ ካለው የዘይት መሙያውን ክዳን ሞተሩ እየሠራ ክፈቱ፤ ጭስ እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ ለሞተር ጥገና የሚሆን ገንዘብ ከዋጋው ላይ ይቀነስ፣ ካልሆነ ይቅር።

የፊት አክሰሉ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ሃርድቶፕ ሲገዛ ሰው በብዛት የሚታለለው እዚህ ነው። ጎማው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከኋላ ብታዩ የሚያበራ ትልቅ የብረት ኳስ አለ። ውስጡ ግራሶ ተሞልቶ ሲቪ ጆይንቱ (ጎማው ሲታጠፍም ኃይል የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ) ይዞራል፤ ከላይና ከታች ሁለት ኩሽኔታዎች ኳሱን ይይዛሉ፣ ፊቱን ደግሞ ላስቲክና ፌልት እየጠረጉ ይጠብቁታል። ጤነኛ ኳስ ላይ ስስ የቅባት ሽፋን ብቻ ነው የሚታየው። ደረቅና የዛገ ከሆነ ግራሶ አጥቷል። ጥቁር ቅባት ወደ ቸርኬው ውስጥ ወርዶ ፍሬኑን ካረጠበ ደግሞ በአክሰሉ ጫፍ ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ላስቲክ) አልቆ የዲፈረንሻል ዘይት ግራሶውን እያጠበ እየወጣ ነው። ሻጮች ይህን ያውቃሉ፤ ለሽያጭ ሲዘጋጅ ኳሱን በናፍጣ ያጥቡታል። ስለዚህ ከሙከራ ጉዞ በፊት ሳይሆን በኋላ እዩት፤ 20 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እውነቱ ይወጣል።

ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሡ። ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ጨዋታ ካለው ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ፍሬን ሲያዝ ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ከቀጠለ የኳሱ ኩሽኔታዎች ናቸው። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ ጨዋታ ከታየ ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን መገጣጠሚያዎች) ጠርጥሩ። ሲቪ ጆይንቱን ለመሞከር ክፍት የአፈር ሜዳ ፈልጉ፣ የፊት ፍሪዊሎቹን (የፊት ጎማዎቹን ከአክሰሉ ጋር የሚያያይዙትን መቆለፊያዎች) ቆልፉ፣ ማርሹን አራቱም ጎማ ወደሚጎትትበት ኤች 4 አስገቡ፣ መሪውን እስከ ዳር አጥፋችሁ በቀስታ ዙሩ። በሁለቱም አቅጣጫ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የጆይንቱ ማለቅ ነው። ይህን ሙከራ አስፋልት ላይ አታድርጉ፤ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ዞረው መታጠፍ ስለማይችሉ ካምቢዮውን ታስጨንቃላችሁ።

ጥገናው ሙሉ ከሆነ በአንድ ጎን ፓራኦሊዮ፣ የኳስ መጥረጊያ ኪት፣ ሁለት የኳስ ኩሽኔታ፣ ሁለት የጎማ ኩሽኔታ፣ አዲስ የመቆለፊያ ሰሌዳና ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ ይፈልጋል። ጎበዝ መካኒክ አንዱን ጎን በግማሽ ቀን ይጨርሳል። ፓራኦሊዮውን ብቻ ለውጦ አሮጌውን ኩሽኔታ የሚመልስ ጋራዥ ግን ሥራውን ወዲያው ያስደግማችኋል፤ ኩሽኔታው ሲላላ አክሰሉ መሃሉን ይስታል፣ አዲሱ ፓራኦሊዮም ባንድ ጎኑ ይበላል። ኮሮኮንች ላይ በ60 እና 80 መካከል መሪው በድንገት የሚንቀጠቀጥ መኪናም መነሻው ብዙ ጊዜ እዚሁ ነው። መካኒኮች የመሪውን ሾክ አብዞርበር ለውጠው ይሸኟችኋል፤ መንቀጥቀጡ ለጥቂት ሳምንት ይደበቃል እንጂ አይድንም። የኳሱ ኩሽኔታ መጥበቅ፣ የቴስቲናዎቹ ጨዋታ፣ አክሰሉን በአግድም የሚይዘው ዘንግ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች (ላስቲኮች)፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይታዩ።

ከኋላ ባሌስትራዎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ የተሰበረ ቅጠል ጭቃ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ማእከሉን የሚይዘው ብሎን ከተቆረጠ አክሰሉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ በሁለቱም ጎን ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በሜትር ለኩ፣ 2.98 ሜትር አካባቢ ሆኖ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ሻንሲው ላይ የባሌስትራ ማንጠልጠያዎቹን ዙሪያና የመሪ ሳጥኑ የታሰረበትን ቦታ በባትሪ መብራት እዩ፤ ስንጥቁም የተበየደውም የሚገኘው እዚያ ነው። ሰሊጥ ሲጭን የኖረ መኪና ከሆነ ያለ ጥርጥር። ፖርቶ መጋላም አካል ይበላል፦ ጣሪያው ላይ ከባድ ጭነት ሲደረግ የጣሪያው ጠርዝና የፊት መስታወቱ ማእዘኖች ይሰነጠቃሉ፣ ክረምት ላይ ውሃ በእግር በኩል ይገባል።

ፍሬኑ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡሮ ነው። ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ ሲወርዱ ትልቁ ፍሬን ሞተሩ ነው፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ማርሽ፣ ጭነት ካለ አንደኛ። ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ዘይቱን ያፈላሉ፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። የእጅ ፍሬኑ የማይይዝ ከሆነ ሸራው አልቋል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ ያሉት ትናንሽ ማጠፊያዎች በጭቃ ደርቀው ይሆናል። ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ግራሶ ቀብቶ መመለስ ነው።

ጭቃ ላይ ያለው ባሕርይ ለብቻው ይታይ። የደምቢያ መረሬ ጎማውን ለብሶ ጥርሱን ይሞላል። ከፋብሪካ የሚመጣው ቀጭኑ 7.50 አር 16 ጎማ እዚያ ከሰፊ ጎማ ይሻላል፤ ላዩን ቆርጦ ጠንካራውን ይፈልጋል። ሰፊ ጎማ ለውበት የገጠመ ሰው ሐምሌ ላይ ይቀጣል። ፍሪዊሎቹን ጭቃው ውስጥ ሳትገቡ ቆልፉ፤ ከገቡ በኋላ ወርዶ መቆለፍ ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም። አንዳንዶቹ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ አላቸው፤ ከሆነ ስትገዙ አፈር ላይ ሞክሩት፣ ለዓመታት ያልተነካ ከሆነ ሞተሯ ደርቃለች። በወር አንዴ ማሠራት ይበቃታል። መቆለፊያው የሚጠቅመው ቀጥታ ሲሄዱ ነው፤ ጥምዝ ላይ ከተቆለፈ መኪናው አይታጠፍም፣ ተዳፋት ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይንሸራተታል።

ብዙዎቹ ቸርኬዎች ቀለበት የሚፈታላቸው፣ ባለ ከመነዳሪ (ባለ ውስጥ ጎማ) ናቸው። ጥቅሙ ጎማው በገጠር መንገድ ዳር በሁለት ብረት መፈታቱ ነው። አደጋው ቀለበቱ ነው፦ በትክክል ሳይገባ ከተነፋ ፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ቀለበቱ ወደ መሬት ወይም ወደ መኪናው ሥር ዞሮ ይነፋ፣ ግፊት ገብቶ ሳለ በመዶሻ አይመታ። ከፊት 35፣ ከኋላ ጭነት ሲኖር ከ50 እስከ 60 ፒኤስአይ በቂ ነው። ጭቃ ላይ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ከመነዳሪ ስላለው ግን ከ25 በታች አይውረድ፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ይቆርጠዋል።

ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የሚረሳ ነገር አለ። የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ተኮማትሮ በመተንፈሻው ወይም በፓራኦሊዮው ውሃ ይስባል። መተንፈሻዎቹን በረጅም ቱቦ ወደ ላይ ማውጣት ርካሽ መድኃኒት ነው። ካልተደረገ፣ መኪናው አድሮ ጠዋት ላይ የማፍሰሻውን ብሎን ቀስ ብሎ ማላላት ነው፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ ይወርዳል። ውሃ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ነጥቶ ከታየ ወዲያው ይለወጥ።

መደበኛው አያያዝ ብዙ አይደለም። የሞተር ዘይት 15ደብሊው 40፣ ከማጣሪያው ጋር 9.7 ሊትር ገደማ፣ በአቧራ መንገድ በየ5,000 ኪሎ ሜትር። ክሮቼራዎቹ (ከካምቢዮ ወደ አክሰል የሚሄዱት ዘንጎች መገጣጠሚያዎች) በየ5,000 ግራሶ ይወጉ፣ ክረምት ላይ ግን ጭቃ ውስጥ በዋለ ቁጥር። ዕቃ ስትገዙ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ ላይ አትቆጥቡ። የታወቁትን የኩሽኔታ አምራቾች ስም፣ ኮዮ ወይም ኤንኤስኬ የሚል ካርቶን ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፣ ጽሑፉ ራሱ ብረቱ ላይ ጥርት ብሎ የተቀረጸ መሆኑን እዩ። የበር እጀታ፣ መብራት፣ መስታወት ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ በማንኛውም ዋጋ ቢመጣ ለውጥ የለውም።

ከሌሎቹ ጋር ለሚያነጻጽር፦ ሃይሉክስ ደብል ካቢን ይመቻል፣ ናፍጣም ይቆጥባል፣ አዲሶቹ ሞተሮቹ ግን ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋሉ፣ ፊቱም ለዓመታት የጨነቅ ድንጋይ የተሠራ አይደለም። ፕራዶ የቤተሰብ መኪና ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው አዲሱ ባለ 70፣ ባለ 2.8 ሊትር ቱርቦው ጉልበቱ ይበልጣል፤ ግን በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ነውና ደባርቅ ላይ ቢቆም በመፍቻ ብቻ አይነሣም። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ክፉኛ አስወድዷል፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ አገር ውስጥ ያለው ሃርድቶፕ ዋጋው እንዲሰቀል አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዋጋው ስለተሰቀለም ያለቁት ሁሉ እየተቀቡ ይወጣሉ።

መኪናውን ከወደዳችሁት፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ፈልጉ፤ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ ነው፣ ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አንሡት። ከሊብሬው ጋር በፊደል በፊደል ይመሳከር፣ ቁጥሩ ዙሪያ የተበየደ ወይም የተፈገፈገ ካለ አትግዙ። የእርዳታ ድርጅት የነበረ መኪና ከቀረጥ ነጻ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ቀረጡ የተከፈለበትን ሰነድ ጠይቁ፤ ካልተከፈለ ስም ማዛወር አይቻልም። "በውክልና ይዘኸው ትነዳለህ" የሚል ሻጭ ይህንኑ እየሸሸ ሊሆን ይችላል። ውክልና በማንኛውም ቀን ይሻራል፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ቢሞት ደግሞ ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ።